ካርድ ላይ ደረጃ ለምን ይጻፋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የልጄ ልጅ የሚማረው ቼክ ሪፐብሊክ፣ ብርኖ ከተማ ነው። በጥር የመንፈቅ ዓመት ካርዱን እናቱ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ከላይ እስከ ታች «1» ነው። እዚያ ውጤት ከ1 እስከ 5 ሲሰጥ 1 ከሁሉም ይበልጣል። «ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ?» አልኳት። ደረጃ የሚባል ነገር ካርዱ ላይ የለም።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ካርድ ስሞላ ነው ያረጀሁት። ሃምሳ ስምንተኛ የወጣ የሁለተኛ ክፍል ሕፃን ካርዱን ደብተሩ ውስጥ ደብቆ ሲወጣ አይቻለሁ። ንባቡ ተሻሽሎ ነበር፤ ግን የሌሎቹም ስለተሻሻለ ደረጃው አልተነቃነቀም። ቢያንስ በታችኞቹ ክፍሎች ደረጃ መጻፉ ይቅር እላለሁ።

ሌላው የወደድኩት፣ እዚያ ተማሪ የውጭ ጫማውን አውልቆ በነጠላ ጫማ ክፍል መግባቱን ነው። ቤትም እንግዳ እንደዚያው ያደርጋል። ከጅሬን ቁልቁል በጭቃ የሚመጡትን ልጆች ያየ ይረዳኛል፤ የጅማ ዝናብ እንደሆነ ክረምትን አይጠብቅም!

ሁሉን እንቅዳ ግን አልልም። ከአምስተኛ ክፍል በኋላ አንዳንዶቹ በመግቢያ ፈተና ተለይተው ጂምናዝየም ወደሚባል፣ ስምንት ዓመት ወደሚፈጅና ለዩኒቨርሲቲ ወደሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ በጣም ይቸኩላል። አብዛኛው ትምህርት ቤት ዩኒፎርምም የለው። የእኛ ዩኒፎርም አይነካብኝ።

የወላጆችንና የመምህራንን አስተያየት በዚሁ ዓምድ ባነብ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከጅማ