ለለጋሽ መንግሥታት፦ የታንዛኒያን ምርጫ አትቀበሉት

ክቡር አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ያሉ ኤምባሲዎች የአማርኛ ጋዜጦችን እያስተረጎሙ እንደሚያነቡ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በእርስዎ በኩል ይድረስልኝ። የምጽፈው ለታንዛኒያ እርዳታና ብድር ለሚሰጡ መንግሥታት ነው። ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለእንግሊዝ፣ ለአሜሪካ፣ ለኖርዲክ አገሮች። ልመናዬ አንድ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ የተካሄደውን ነገር ምርጫ ብላችሁ አትቀበሉት።

የሆነውን ላስታውስ። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ የቻዴማ መሪ ቱንዱ ሊሱ ሚያዝያ 2017 ላይ ታሰሩ። ክሱ የአገር ክህደት ነው። በሞት ያስቀጣል። እኚህ ሰው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ዶዶማ ውስጥ በጥይት ተደብድበው ለትንሽ የተረፉ ናቸው። በታሰሩ በቀናት ውስጥ ፓርቲያቸው የምርጫ ሥነ ምግባር ደንቡን አልፈረመም ተብሎ ከውድድር ወጣ። የሌላው ጠንካራ ፓርቲ፣ የኤሲቲ ዋዛሌንዶ ዕጩም ተሰረዙ። ከፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን ጋር የቀሩት የትናንሽ ፓርቲዎች ዕጩዎች ነበሩ። በድምፅ መስጫው ቀን ወጣቶች አደባባይ ወጡ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ዳሬሰላም ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ጥይት ተተኮሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደተገደሉ ይታመናል ብሏል። ከዚያ ውጤቱ ተነገረ። 97.66 በመቶ! ቃለ መሐላው የተፈጸመው ዶዶማ ውስጥ በወታደራዊ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝብ እንዲገባ አልተፈቀደም። መቶ በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሕዝብ መረጠኝ የሚል መሪ ከመራጩ ተለይቶ የሚምለው ለምንድን ነው?

ሰበታ ተቀምጦ ስለ ዳሬሰላም ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቷል። መንገዱ በኬንያና በታንዛኒያ ነው። ያኔ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ስልካቸውን ከእጃቸው ሳይለዩ ሰነበቱ። ቡና እየቆሉ እንኳ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነበር። ልጁ በኋላ ደወለ፣ ተመስገን። የታንዛኒያ እናቶች ግን የልጆቻቸውን አስከሬን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተቱ ነበር።

ሌላው ምክንያቴ የራሳችን ታሪክ ነው። በ2002 ዓ.ም. የማስተምርበት ግቢ የምርጫ ጣቢያ ነበር። ማታ ቆጠራው አልቆ የውጤቱ ወረቀት የቆርቆሮው በር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ ሰው እየመጣ አነበበው። አንድ አዛውንት በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ። ከዚያ ዞር ብለው «የኔዋስ የታለች?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። በአገር ደረጃ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ሂደቱ ዓለም አቀፍ መስፈርት አያሟላም ብለው ጻፉ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። እርዳታውም ቀጠለ፣ መጨባበጡም ቀጠለ።

በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም መቀመጫ ተጠቅልሎ ተወሰደ። ያን ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ እንኳ አልላከም። ምርጫው በተካሄደ በሁለት ወሩ፣ ሐምሌ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ መጥተው መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ አሉት። እኛ በቴሌቪዥን እያየን ነበር። አንድ ባልደረባዬ ተነስቶ ወጣ።

ቀጥሎ የመጣውን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ኅዳር 2008 ላይ ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሳ። መነሻው የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነው። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን ሁሉ የሚነካ ዕቅድ። መሬታችን ሊሄድ ነው ያለ ገበሬ በፓርላማ የሚጮህለት አንድም ሰው አልነበረውም። አንድም! ስለዚህ ጩኸቱ መንገድ ላይ ወጣ። ብዙ ወጣት ሞተ። መስከረም 2009 ላይ ከእሬቻው እልቂት በኋላ ሰበታ ውስጥ ፋብሪካ ነደደ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። የተቃጠለው ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ተማሪዎቼን የሚያሳድጉ እናቶች ነበሩ። በማግስቱ ሥራ የላቸውም።

ለጋሾች ሁልጊዜ የሚያነሱት «መረጋጋት» ነው። መቶ በመቶ የተባለው ምርጫ የሰጠን መረጋጋት ስድስት ወር አልሞላም። ታንዛኒያም የሰላም ደሴት ስትባል የኖረች አገር ናት። አሁን ለውጤቱ ማኅተም ብትመቱለት የምትገዙት መረጋጋት ምን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል?

ሁለተኛው ምክንያታችሁ «አፍሪካውያን የተቀበሉትን እንቀበላለን» የሚለው ነው። እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ። ጥቅምት 22 ቀን የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ ለጠፋው ሕይወት አዝነው፣ በዚያው መግለጫ ፕሬዚዳንቷን እንኳን ደስ አለዎት አሉ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 26፣ የዚሁ ኅብረት ታዛቢዎች የተለየ ነገር ተናገሩ። ቡድኑን የመሩት የቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ማሲሲ ናቸው። ምርጫው የኅብረቱን መርሆዎችና ዓለም አቀፍ የዴሞክራሲ ምርጫ መስፈርቶችን አላከበረም አሉ። ሳጥን ውስጥ የድምፅ ወረቀት ሲታጨቅ መታየቱንም ጠቀሱ። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የሳድክ ታዛቢዎችም ከዚያ በፊት ጥቅምት 24 ላይ፣ በአብዛኛው አካባቢ መራጩ ፈቃዱን መግለጽ አልቻለም ብለው ነበር። እነዚህ አፍሪካውያን ናቸው። ጣቢያው ድረስ ሄደው ያዩም እነሱ ናቸው። «አፍሪካውያንን እንከተላለን» ካላችሁ የምትከተሉት ቢሮ ሆኖ የጻፈውን ነው ወይስ ቦታው ላይ ቆሞ ያየውን?

በዓየር ጤና በኩል ወደ ከተማ ስገባ የኅብረቱን ሕንፃ በርቀት አየዋለሁ። ግቢው ውስጥ የሰላምና ፀጥታ ሕንፃው በታንዛኒያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ ስም የተሰየመ ነው። የተሠራው በጀርመን ገንዘብ ነው። የኔሬሬ ሐውልትም እዚያ ቆሟል። የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር የጸደቀውም እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 1999 ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችሁበት ተቋም የራሱን ታዛቢ ቃል እንዲያከብር መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥር 2011 ላይ በኮንጎ ምርጫ የሆነውን አልረሳሁም። አዲስ አበባ የተሰበሰቡ የአፍሪካ መሪዎች ውጤቱ ከባድ ጥርጣሬ አለበት፣ ይዘግይ አሉ። በቀናት ውስጥ የኮንጎ ፍርድ ቤት አጸደቀው፤ ሁሉም ዝም አለ። እናንተም ዝም አላችሁ።

«የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለውስ? ቅኝ ግዛትን የተጸየፈ አፍሪካዊ ሁሉ ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል፤ የእኔም። ግን አንድ የዳሬሰላም መራጭ ድምፄ ተሰረቀ ቢል ወዴት ይሂድ? የታንዛኒያ ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት አንዴ ከታወጀ ፍርድ ቤት እንዳይጠይቀው ይከለክላል። ይህ ክልከላ መብት ይጥሳል ብሎ ሐምሌ 2012 ላይ የፈረደው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ነው። መቀመጫው አሩሻ፣ እዚያው ታንዛኒያ ነው። ፍርዱ ከመሰጠቱ ጥቂት ወራት በፊት ግን መንግሥት ግለሰቦች በቀጥታ ወደዚያ ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ በሩን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። በአገር ውስጥ በር የለም፣ በአሩሻም በር የለም። የእንኳን ደስ አለዎት መልዕክት ስትልኩ እናንተም በውስጥ ጉዳይ ገብታችኋል። የገባችሁት በአንዱ ወገን ነው።

ኬንያን ተመልከቱ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የውጭ ታዛቢዎች ምርጫውን በችኮላ አወደሱት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰረዘው። ማላዊም እንዲሁ፤ ቁጥሩ በነጭ ማጥፊያ የተስተካከለበት የውጤት ቅጽ ዳኞች ፊት ቀርቦ ምርጫው ተሻረ፣ በድጋሚው ምርጫ ተቃዋሚው አሸነፈ። በነዚህ አገሮች ፍርድ ቤት ነበረ። ታንዛኒያ ውስጥ ግን የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ የክሊኒኩን መድኃኒት ቁረጡ አልልም። ይህን የሚል ሰው ድሃ ሰፈር ኖሮ አያውቅም። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲገደል ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን አቆሙ። አጣሪ ኮሚሽኑ የሞቱትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጥሯል። በዓመቱ ገንዘቡ «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» በሚባል ፕሮግራም ወደ ወረዳዎች መፍሰስ ጀመረ። የመምህራን ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያ ወጪ ከዚያ ተሸፈነ። እኔም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነኝ። ያ መልካም ነበር። ክፉው ነገር፣ የገንዘቡ መንገድ ሲገኝ የፖለቲካው ጥያቄ ተረሳ። ስለ ሟቾቹ ማንም ተጠያቂ ሳይሆን ቀረ። ታንዛኒያ ላይ ይህ አይደገም። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ይሂድ፣ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይሂድ። በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባው ይቁም። ፖሊስና ጦር የሚሠለጥንበትም ይቁም። መሪዎች አይጎብኙ፣ አይጋበዙ። ይህ አንድ ብር አያስወጣችሁም፤ ሥልጣን ላይ ላለ ሰው ግን ከብሩ በላይ ይሰማዋል።

የአውሮፓ ፓርላማ ኅዳር ላይ ለታንዛኒያ መንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ እርዳታ እንዲታገድ ጠይቋል። አሜሪካም ግንኙነቷን እንደምትመረምር ተናግራለች። ጥሩ ጅምር ነው። የሚያሳስበኝ እየቀዘቀዘ መሄዱ ነው። ከዩጋንዳ ሆይማ እስከ ታንጋ ወደብ የሚዘረጋ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳጅ ቧንቧ አለ፤ ትልቁ ባለድርሻ የፈረንሳዩ ቶታል ኢነርጂስ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ አለ። ወርቅ አለ። በእነዚህ መሃል የሞተ ልጅ ስም በቀላሉ ይጠፋል።

ስለዚህ የምትጠይቁት ነገር የሚጨበጥ ይሁን። የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት ይውጣ። ግድያውን የሚያጣራው አካል መንግሥት የሾመው ብቻ አይሁን። አስከሬን ለቤተሰብ ይሰጥ። ሊሱና ከምርጫው ጋር ተያይዞ የታሰሩት ይፈቱ፤ ችሎት ባለ ቁጥርም የኤምባሲ ሰዎቻችሁ ችሎቱ ውስጥ ይቀመጡ። እኛም ዘንድሮ ወደ ምርጫ እየሄድን ነው። ዳሬሰላም ላይ የምታደርጉትን አዲስ አበባ ያለው ሹምም፣ ሰበታ ያለው መራጭም ያየዋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤዬ ረዝሟል። ቦታ ካጠረ ከፈለጉበት ላይ ይቀንሱ። የአፍሪካ ታዛቢዎች የተናገሩት ያለበትን አንቀጽ ግን እንዳለ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ መምህር፣ ከሰበታ