ሚኒሞ ላይ ስለሚጠፋው መኪናህ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ለዝምታዬ ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካሣው ይህ ረጅም ደብዳቤ ይሁን።

ያ ኤል-ጄትሮኒክ የሚባል የቤንዚን መርጫ ያለው አሮጌ መኪናህ ሲቆም ይንቀጠቀጥና ይጠፋል ብለሃል። ሚኒሞውን፣ ማለትም ቤንዚን ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ብሎኑን በካቻቢቴ እያዞርክ ከፍ ስታደርገው ሁለት ቀን ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ካቻቢቴውን አስቀምጥ። ያቺ ብሎን የመጨረሻ ሥራ ናት። አሁን የምታደርገው በሽታውን በሚኒሞ መሸፈን ነው፣ ስትሸፍነውም ምልክቱን ታጠፋብኛለህ።

ይህን የቤንዚን መርጫ አሠራር የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ "ኤል" ማለት በጀርመንኛ "ሉፍት"፣ አየር ናት። ስሙ ራሱ መንገዱን ያሳይሃል። ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ባለው ሳጥን፣ በአየር መለኪያው፣ ውስጥ አንዲት መዝጊያ አለች፤ ሞተሩ በሳበው አየር ልክ ትገፋለች፣ ኮምፒዩተሩም የእሷን መከፈት እያየ ቤንዚን ያዛል። ከእሷ አልፎ በስንጥቅ የገባ አየር ግን አይቆጠርም፣ ስለዚህ ቤንዚንም አይታዘዝለትም። በፍጥነት ስትነዳ ሞተሩ ብዙ ስለሚስብ ትንሽ ስንጥቅ አይሰማውም። ሚኒሞ ላይ የሚስበው ጥቂት ነውና ያችው ስንጥቅ ድርሻዋ ይገዝፋል። መንገድ ላይ ደህና ሆኖ ሲቆም የሚሞት ሞተር ስታይ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህንን ነው።

ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት። ጤነኛ ኤል-ጄትሮኒክ ወዲያው ይወላገዳል፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋል፤ የሞተሩ ሆድ በትንፋሽ ቱቦው በኩል ከአየር መሳቢያው ጋር ስለሚገናኝ በክዳኑ የገባው አየር ሳይቆጠር ያልፋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ደንታ ካልሰጠው፣ ወይ ድሮውኑ ሌላ ቦታ ተቀዷል፣ ወይ የትንፋሽ ቱቦው በዝቃጭ ተደፍኗል። ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ግን የዘይት ክዳንና ሚኒሞ ምን አገናኛቸው ብሎ ያልፈዋል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ከደረቀ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግም ጉሮሮው ላይ አጥብቆ ካልተቀመጠ፣ እነሱም ቀዳዳ ናቸው።

ከአየር መለኪያው ወደ ትሮትሉ (ቤንዚን ስትረግጥ ወደሚከፈተው የአየር በር) የሚሄደውን ትልቁን የጎማ ቱቦ በዓይን ብቻ አትመን። አውልቀው፤ እጥፋቶቹን በሁለት እጅህ እንደ አኮርዲዮን እየዘረጋህ ብርሃን ላይ እያዞርክ እየው። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከሥር በኩል በእጥፋቱ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ሲወዛወዝ ይከፈታል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ስታየው ይዘጋል። ቀጥሎ የኢንጀክተሮቹን (ቤንዚኑን የሚረጩትን) የጎማ ቀለበቶችና የመሳቢያውን ጓርኒሲዮን ፈትሽ። ፍሬን ስትረግጥ ብቻ የሚወላገድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍሬን አጋዡና ወደ ቱቦው ይሄዳል።

ቀዳዳ ለማግኘት የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ማጽጃ የሚረጭ ሰው አለ፤ አንተ እንዳትሞክረው፣ እሳት ነው። ሞተሩን አጥፋና ትልቁን ጎማ በመለኪያው በኩል ድፈነው፤ ትሮትሉን ከፍተህ በጣም ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር በአንድ ቀጭን ቱቦ አስገባና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋው ቀዳዳውን ያሳይሃል።

አየሩ ከተዘጋ በኋላም የሚጠፋ ከሆነ፣ መቼ ነው የሚጠፋው? ይህን ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ።

በብርድ ብቻ ከሆነ ተጨማሪ የአየር ቫልቩን ተመልከት። ትሮትሉን ከጎን የሚያልፍ ቱቦ ያለው ትንሽ ቆርቆሮ ነው። ሲቀዘቅዝ ክፍት ሆኖ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል፣ ኤሌክትሪክ ሲያሞቀው በጥቂት ደቂቃ ይዘጋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቱቦውን በጨርቅ በጠቀለልከው ፒንሳ ጨምቀው፤ ዙሩ መውረድ አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ድገመው፤ አሁን ምንም መለወጥ የለበትም። በብርድ ካልወረደ ቫልቩ ተዘግቶ ደርቋል፤ በሙቀት ከወረደ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ኤሌክትሪክ አይደርሰውም።

ሲሞቅ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለው ወደ ውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ሂድ። ፊሹን (የሽቦ መሰኪያውን) ንቀልና በቴስተር ለካው፦ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም መሆን አለበት። ሽቦው ከተቆረጠ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በረዶ ውስጥ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ያፈስበታል። ሴንሰሩ ደህና ከሆነ የብርድ ማስነሻ ኢንጀክተሩን ፍታው፤ ፊሹን ነቅለህ ግፊት እንዳለው ስትይዘው በአንድ ደቂቃ ከአንድ ጠብታ በላይ መጣል የለበትም። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ቱቦም (ከአየር መሳቢያው ጋር የሚያገናኘውን) ንቀለው፤ ውስጡ በቤንዚን ከራሰ ሜምብሬኑ ተቀዷልና ጠጋኝ አትፈልግለት፣ ቀይረው።

ግፊቱን በጌጅ ለካ። ብዙዎቹ ኤል-ጄትሮኒኮች የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ 2.5 ባር፣ ሚኒሞ ላይ ቱቦው ሲሰካ ወደ 2 ባር ይሰጣሉ፤ በ3 ባር የሚሠሩም ስላሉ የመኪናህን መጽሐፍ ተመልከት። ሞተሩን ስታጠፋ ግፊቱ ወዲያው ዜሮ ከገባ፣ ግሎ ቆሞ ሲነሳ የሚያንገራግረው ለዚህ ነው፦ ግፊት የሌለው ቤንዚን በሙቀቱ ይተናል። ጥፋተኛውን ለመለየት ሞተሩ እንደጠፋ ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንከሩ የሚመልሰውን የመመለሻውን ጎማ ጨምቅ፤ ግፊቱ ከቆመ ተቆጣጣሪው ነው። ካልቆመ የመላኪያውን ጨምቅ፤ አሁን ከቆመ የፖምፓው የማይመለስ ቫልቭ ነው። ሁለቱም ካላቆሙት ኢንጀክተር ያንጠባጥባል።

በማርሽ እየሄደ ድንገት ከሞተ ግን የዙር ቆጣሪው ቀስት ላይ ዓይንህን ጣል። ጎማው ሞተሩን ገና እያዞረው ቀስቱ በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ የተቋረጠው የቦቢናው (ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጠው ጥቅል) ምልክት ነው። ኮምፒዩተሩም ዙር የሚቆጥረው ከዚያው ከቦቢናው ጫፍ ስለሆነ፣ እሳቱ ሲቋረጥ ኢንጀክተሮቹም አብረው ዝም ይላሉ። "ቤንዚን አልመጣም" ብሎ ፖምፓ የሚቀይረው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀስቱ ከሞተሩ ጋር ቀስ ብሎ ከወረደ ወደ ቤንዚኑ፣ ወደ ሪሌውና በአየር መለኪያው ውስጥ ፖምፓውን ወደሚያበራው ኮንታክት ዙር። ሞተሩ ወደ ኋላ ተኩሶ ከሆነ መዝጊያዋ ተጣማ ልትያዝ ትችላለች፤ በጣትህ ግፋት፣ ያለ መንቀርፈፍ ሄዳ መመለስ አለባት።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ፦ ፊሾቹን አንድ በአንድ ነቅለህ አረንጓዴውን ዝገት አጽዳ፤ መሳቢያው ላይ የታሰረውን ማሳ (የኔጋቲቭ ሽቦ) ፈትተህ እስኪያበራ ፈግፍገው። ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ኮምፒዩተሩ ማሳ ስትለካ ከ0.1 ቮልት በላይ ከታየህ ሥራ አለብህ።

ካቻቢቴው ተራው የሚደርሰው አሁን ነው። በቅድሚያ የቫልቭ ክፍተት፣ ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው ኮንታክት) ካለው የፑንቲናው ክፍተት፣ ቀጥሎ የእሳት ሰዓቱ (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ይስተካከሉ፤ እነሱ ተዛብተው ሚኒሞ አይያዝም። ትሮትሉን አጥበህ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን፣ ሲዘጋም ስዊቹ ቀጭ ማለቱን አረጋግጥ። የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አትንካ፤ እሷ መዝጊያው እንዳይጣበቅ ናት እንጂ የሚኒሞ አይደለችም። ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎን በሚያልፈው አየር ብሎን ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ መጽሐፉ ወደሚለው ዙር፣ ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 900። በአየር መለኪያው ላይ ያለችውን የድብልቅ ብሎን ደግሞ የጭስ መለኪያ ከሌለህ ተዋት። ጥቁሩን ክዳን ከፍቶ የመዝጊያዋን ጥርስ ያለው ጎማ ማዞርማ በጭራሽ፤ ምልክት ሳታደርግ ካዞርካት የት እንደነበረች ማንም አይነግርህም።

መልስ ስትጽፍልኝ "ተሻለው" አትበለኝ፤ ቁጥር ላክልኝ፦ የሴንሰሩን ኦም በብርድና በሙቀት፣ ግፊቱን ቱቦው ተሰክቶና ተነቅሎ፣ የዘይት ክዳኑን ስትከፍት ሞተሩ ምን እንዳደረገ።

ሰላምታዬን ለቤተሰቡ ሁሉ አድርስልኝ።

ወዳጅህ

ይድረስህ ብዬ ልዘጋ ስል ትዝ አለኝ፦ የኢንጀክተሮቹን አጫጭር ጎማዎች እየው። ከደረቁ ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ እነሱን ቀይር፤ ለካርቡራተር የሚሸጠው ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም፣ ለኢንጀክሽን የተሠራውንና የራሱን ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ጠይቅ። ስትሠራም እሳት ማጥፊያው አጠገብህ ይሁን።