ኬብል ካሩ ከመዘርጋቱ በፊት የጥገና መዝገቡ ይታሰብበት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከመሃል ከተማ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ኬብል ካር ቢኖረን የሚለው ሐሳብ በጨዋታም ሆነ በቁም ነገር በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ስንት ይፈጃል በሚለውና ከተማው ከላይ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር በማውራት ላይ ያበቃል። እኔ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች አሳንሰር ስጠግን 17 ዓመት የሞላኝ ሰው ስለሆንኩ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገመዱን ማን ያየዋል፣ ማየቱስ በምን ይረጋገጣል? ኬብል ካርና አሳንሰር የተለያዩ መሣሪያዎች ቢሆኑም ሁለቱም ሰውን በብረት ገመድ አንጠልጥለው የሚያጓጉዙ በመሆናቸው፣ በአንዱ የታዘብኩት ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ስለ ጥገና መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይህን ጽፌያለሁ።

ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ ባለ 11 ፎቅ ሕንፃ ተጠርቼ ነበር። ሊፍቱ የፎቁን ልክ አልፎ ስለሚቆም ሰው ሲወጣ ይደናቀፋል። ጣሪያው ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ስገባ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የጥር ወር ሙሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ሰው እጅ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፤ ሕንፃው ለጥምቀት ዝግ በነበረበት በጥር 11 ቀን ትይዩ እንኳ «ፍሬን ተፈትሿል» የሚል ሰፍሯል። ፍሬኑን ስፈታው ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋቀ ነበር። የሕንፃው ጥበቃ የሆኑት አዛውንት «ልጄ፣ እነሱ ሲመጡ የወሩን አንዴ ሞልተውት ነው የሚሄዱት» አሉኝ። ከደብተሩ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቀው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ግን ሊፍቱ መቼ እንደተነሳና መቼ ምን ብልሽት እንዳጋጠመው በራሱ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ በዚያ መዝገብ መሠረት በጥር 11 ቀን ሊፍቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ስለ ሶፍትዌር የማነሳው እንግዲህ ይህን የመሰለውን ክፍተት እያሰብኩ ነው። የኬብል ካር ገመድ የሚያረጀው በሠራበት ሰዓትና በየመንኮራኩሩ ላይ በታጠፈበት ብዛት ልክ ነው፤ ስለዚህ «በየወሩ ይታይ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ብዙም አይረዳም። ደህና የጥገና ሶፍትዌር የሥራውን ሰዓት በቀጥታ ከመቆጣጠሪያው ወስዶ ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ካቢን ገመዱን የሚቆነጥጥበት መንጋጋ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት መቼ እንደተፈታ፣ ስንጥቅ እንዳለበትና እንደሌለበት በመሣሪያ መቼ እንደተመረመረ፣ የትኛው ኩሽኔታ እንደተቀየረለት በስሙ ይያዝለታል። የገመዱ የውስጥ ሽቦዎች መበጠስ በዓይን ስለማይታይ በማግኔት መሣሪያ ይመረመራል፤ የዘንድሮው ውጤት ከአምናው ጎን ካልተቀመጠ ግን ምርመራው ግማሽ ሥራ ነው። ቴክኒሻኑ ቦታው ድረስ ሄዶ ቁጥሩን በስልኩ ካላነበበና ፎቶ ካላነሳ የሥራ ትእዛዙ ሊዘጋ አይገባም፤ የጠዋቱ ፍተሻ ሳይዘጋ ደግሞ የጣቢያው ሠራተኛ ተሳፋሪ መጫን አይችልም። ይህን ማድረግ የሚያስችል ቴክኖሎጂ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የቦሊቪያዋ ከተማ የላ ፓዝ የኬብል ካር መረብ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ 10 መስመሮች አሉት። ስለዚህ ከፍታችን ሰበብ ሊሆነን አይችልም።

ሶፍትዌር ከገባ አደጋ አይኖርም የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ ግን ግንቦት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በጣሊያን ሞታሮኔ ተራራ ላይ የደረሰውን የኬብል ካር አደጋ አስታውሰዋለሁ። ጎታቹ ገመድ ሲበጠስ የአደጋ ጊዜው ፍሬን ካቢኑን ይዞ ማቆም ነበረበት፤ ፍሬኑ ግን ቀደም ብሎ ያለ ምክንያት እየያዘ ሥራ ያስተጓጉል ስለነበር እንዳይሠራ ሆን ተብሎ በብረት ሹካ ታግዶ ነበር። 14 ሰዎች ሞተው አንድ ሕፃን ብቻ ተረፈ። እዚያ የነበረው ችግር የእውቀት ማነስ አልነበረም፤ መስመሩ ቆሞ ገቢ እንዳይቀር መፈለጉ ነው። በመሆኑም ማንኛውም የደኅንነት መሣሪያ በታገደ ሰዓት መረጃው ከድርጅቱ ውጪ ላለ ተቆጣጣሪ አካል ወዲያውኑ መድረስ አለበት። መዝገቡ በአንቀሳቃሹ እጅ ብቻ ከቀረ፣ ከሜክሲኮው ደብተር የሚለየው በኤሌክትሪክ መሥራቱ ብቻ ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በፖርቱጋል ሊዝበን 16 ሰዎች የሞቱበት በገመድ የሚጎተተው ባቡር አደጋ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዕለቱ ጠዋት የዓይን ፍተሻ ተደርጎ ነበር፤ ገመዱ የተለቀቀበት ማሰሪያ ግን ሳይፈታ የሚታይ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጫነው የፍተሻ ዝርዝር ራሱ ምን በዓይን እንደሚታይና ምን ተፈትቶ እንደሚታይ በሚለይ ባለሙያ ካልተዘጋጀ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አደጋ ሊደርስ ይችላል።

የእኛ አገር የራሱ ጣጣም አለ። የውጭ ሶፍትዌር 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። መቆጣጠሪያው 14:20 ብሎ የመዘገበውን ብልሽት ቴክኒሻኑ 8:20 ብሎ ይጽፈዋል፤ 5/4 ተብሎ የተጻፈ ቀን ታኅሣሥ 5 ይሁን ኤፕሪል 5 የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ብልሽት ከየትኛው ጥገና በኋላ እንደመጣ ለማወቅ ብቻ ሁለት መዝገቦችን ሳስተያይ ግማሽ ቀን የጠፋብኝ ጊዜ አለ። ሶፍትዌሩ በአማርኛ የሚነበብ፣ ሁለቱንም የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም መረጃውን በራሱ ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚያስተላልፍ መሆን ይኖርበታል። መብራት ሲጠፋ ካቢኖቹን ወደ ጣቢያ የሚመልሰው የናፍጣ ሞተርም ከነ ነዳጁና ባትሪው በየጊዜው በእውነተኛ ጭነት መሞከሩ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ይግባ፤ የብዙ ሕንፃዎቻችን ጄኔሬተር የሚፈተሸው መብራት የጠፋ ዕለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ስለ መለዋወጫ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን 41 ባቡሮች ይዞ ቢነሳም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው እንደነበር የከተማው ሰው ሁሉ ያየው ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ ዕድሜ የሚቆጥር ሥርዓት የትኛው መንጋጋ ወይም የትኛው ኩሽኔታ ከስንት ወር በኋላ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ስለሚናገር፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠየቀው ዕቃው ከማለቁ ከብዙ ወራት በፊት ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት አንድ ቀን የኬብል ካር ጨረታ ቢያወጡ፣ የጥገና ሶፍትዌሩ የሽያጭ ማባበያ ሆኖ በጨረታ ሰነዱ ጀርባ ከሚለጠፍ ይልቅ በዋናው ውል ውስጥ እንዲገባ፣ መረጃው የከተማው ንብረት እንዲሆንና አቅራቢው ውሉን ጨርሶ ሲሄድ ይዞት እንዳይሄድ፣ የጠዋቱን ፍተሻ አልፎ መስመሩን ማስጀመር የሚችል ሰው ካለም ስሙና ምክንያቱ ሳይመዘገብ እንዳይችል እንዲደረግ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ