በኬንያ ከክፍያዬ ላይ ለተቀነሰው ግብር ማስረጃ ስላለመሰጠቱ የቀረበ ቅሬታ

መስከረም 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

ጉዳዩ፦ ከውል ክፍያዬ ላይ የተቀነሰውን 1,200 ዶላር ይመለከታል

በ2017 ዓ.ም. ከናይሮቢው ቅርንጫፋችሁ ጋር በገባሁት የአጭር ጊዜ ውል ሞምባሳ ሄጄ በአሮጌው ከተማ የቤቶች ጥገና ላይ የኖራ ልስን ሥራውን በባለሙያነት መርቼ ተመልሻለሁ። በሥራው በኩል በመካከላችን ምንም ቅሬታ የለም፤ በርክክቡ ሰነድ ላይ የእናንተም የአሠሪውም ፊርማ አለ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ ገንዘቡ ነው።

የውሉ ዋጋ 6,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በመጋቢት ወር ሒሳቤ ውስጥ የገባው 4,800 ነው። የቀረው 1,200 ዶላር በክፍያ መግለጫው ላይ «የኬንያ ዊዝሆልዲንግ 20 በመቶ» (ከክፍያ ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ ግብር) ተብሎ በአንድ መስመር ሰፍሯል። በቅናሹ ራሱ አልከራከርም። ኬንያ ነዋሪዋ ላልሆነ ባለሙያ ከሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ ላይ 20 በመቶ እንደምታስቀር ውሉን ስፈርም አውቅ ነበር፤ ሕጋቸው ነው። እኔ የምጠይቀው ገንዘቡ ከእኔ ተቀንሶ የት ገባ የሚለውን ነው። ግብሩን የቀነሰው ከፋይ ገንዘቡን ለኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ሲያስገባ በተከፋዩ ስም የምስክር ወረቀት ይወጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፋይናንስ ሕጋቸው ወዲህ ደግሞ ቀናሹ ገንዘቡን ለማስገባት ያለው ጊዜ አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነው። የእኔ ምስክር ወረቀት ግን ከመጋቢት እስከ መስከረም አልደረሰም።

በስልክም በጽሑፍም ደጋግሜ ስጠይቅ በመጨረሻ የተላከልኝ በድርጅቱ ማኅተም የተመታ «ግብሩ ተከፍሏል» የሚል የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። የክፍያ ቁጥር የለውም፣ የተከፈለበት ቀን የለውም፣ ስሜ እንኳን በፓስፖርቴ ላይ እንዳለው አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ወረቀት በአገራችን ገቢዎች ዘንድ ውሃ አያነሳም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 45 በውጭ አገር የተከፈለ ግብር እዚህ ካለብኝ ግብር ላይ እንዲቀናነስልኝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የውጭው ግብር በወቅቱ መከፈሉንና ከዚያው አገር ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ደረሰኝ መኖሩን ይጠይቃል። የሚጠይቀው የግብር ሰብሳቢውን ደረሰኝ እንጂ የአሠሪውን ደብዳቤ አይደለም።

ለእናንተ ይህ አንዲት ወረቀት ልትመስል ትችላለች፤ ስለዚህ ሒሳቡን ላሳያችሁ። ወጪ ሳይነሳ፣ በግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛው እርከን በ35 በመቶ ብናሰላው፣ በ6,000 ዶላሩ ላይ እዚህ የሚመጣብኝ ግብር 2,100 ነው። ደረሰኙ ቢኖረኝ ኬንያ የቀረው 1,200 ይቀናነስልኝና 900 እከፍላለሁ። ደረሰኙ ከሌለኝ ግን 2,100ውን በሙሉ እከፍላለሁ። ኬንያ ከቀረው ጋር ሲደመር 3,300 ይሆናል፤ ከላቤ ዋጋ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። ገቢዎች የሚያሰላው ደግሞ እጄ በገባው 4,800 ሳይሆን በ6,000ው ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ክፍያው ሲፈጸምልኝ ከ120 ብር በላይ ሆኖ ነበርና ያ ቅናሽ ከ140 ሺህ ብር በላይ ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስቆጣኝ ግን ለባለሙያዎች የምትበትኑት የመግለጫ ወረቀት ነው። «ሥራው ከ183 ቀን በታች ስለሆነ ባለሙያው በኢትዮጵያ ግብር ማሳወቅ አይጠበቅበትም» ይላል። ይህ ፈጽሞ የተገለበጠ ነገር ነው። በእኛ ሕግ 183 ቀን የሚቆጠረው ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ በመቆየቱ ነዋሪ መሆኑን ለመለየት ነው። ቤቱ፣ ቤተሰቡ፣ ኑሮው ጎንደር የሆነ ሰው ለጥቂት ወራት ሞምባሳ ስለሠራ ነዋሪነቱ አይቀርም፤ ነዋሪ ደግሞ በየትም አገር ካገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት። ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት አገሮች በሚፈራረሟቸው ስምምነቶች ውስጥ የምናገኘው 183 ቀንም በአብዛኛው ስለ ተቀጣሪ ደሞዝተኛ የተጻፈ ነው። እኛ ተቀጣሪ አይደለንም፤ ውላችሁ ራሱ በግልጽ ጽፎታል።

እኔ ወረቀቱን አልተቀበልኩትም። አብረውኝ የሄዱት ወጣት ግንበኞች ግን አምነውታል። እዚሁ ጎንደር በጥንታዊ ሕንፃዎች ጥገና ላይ ኖራ ዘፍዝፎ ማሳደርን፣ ልስኑ ሳይሰነጠቅ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ እርጥብ ጆንያ ማልበስን የተማሩ፣ እጃቸው የተባረከ ልጆች ናቸው። ከአገር ወጥተው ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነበር። የአስተዳደራችሁ ሰው «ይሄ እናንተን አይነካም» ሲላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ሳያሳውቁ መቅረት ካልተከፈለው ግብር እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል። የዘገየ ክፍያ የራሱ ቅጣት አለው፤ ወለዱም ለብቻው ይቆጠራል። ቅጣቱ ሲመጣ የሚጠራው የልጆቹ ስም ነው፤ የእናንተ አይደለም።

ስለዚህ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን በስሜ የሰጠው የቅናሽ ምስክር ወረቀት እስከ መስከረም 30 እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ በመሆኔ የማሳወቂያ ጊዜዬ ጥቅምት 30 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወረቀት በቅጣት ላይ ያስሮጠኛል። ገንዘቡ ከእኔ ተቀንሶ ለኬንያ ያልገባ ከሆነ ደግሞ ግብር አይባልም፤ 1,200 ዶላሬ ይመለስልኝ። አብረውኝ ለሠሩት ልጆችም የየራሳቸው የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው፤ የ183 ቀኑ መግለጫ ስሕተት መሆኑም በጽሑፍ ይነገራቸው። በወረቀትም በቃልም ስለተነገራቸው በቃል ብቻ መታረሙ አይበቃም፤ ገቢዎች ፊት ሲቆሙ የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋቸዋል።

እስከተጠቀሰው ቀን መልስ ካላገኘሁ ውሉን፣ የክፍያ መግለጫውንና የማኅተሙን ደብዳቤ ይዤ ለፍርድ ቤት ክስ አቀርባለሁ። ለኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣንም በስሜ የገባ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን እንዲያሳውቀኝ በቀጥታ እጽፋለሁ።

አባሪ፦ የውሉ፣ የክፍያ መግለጫው፣ የ«ግብሩ ተከፍሏል» ደብዳቤና የባለሙያዎች መግለጫው ቅጂ

ከሠላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥገና ባለሙያ