ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፦ በልጄ የሕክምና ካርድ ላይ ባዶ የቀረው መስመር

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በደንቡ መሠረት ያቀረብኩት አቤቱታ ሰሚ ስላጣ ነው። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በቃል ተናግሬያለሁ፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ግልባጩ ለእርስዎም ቢሮ ገቢ ሆኗል። ከወረዳው የደረሰኝ መልስ፣ ካርዱ እንደሚያሳየው ጆሮውን ለታመመው ልጄ በየጊዜው ተገቢው ሕክምና ተሰጥቶታል የሚል ነው። እኔ የከሰስኩት ግን ካርዱን ነው። በካርዱ የተጻፈው እውነት አይደለም ብዬ ባመለክት ማስረጃ ሆኖ የቀረበልኝ ያው ካርድ ነው።

በጤና ጣቢያ ሕፃናት የሚታከሙበትን መመሪያ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጆሮውን ታሞ ሲመጣ ባለሙያው ሕመም አለው ወይ፣ ፈሳሽ አለው ወይ፣ ፈሳሹ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው ብሎ ይጠይቃል፤ መግል መኖሩን ያያል፤ ከጆሮው ጀርባ ሲነካ የሚያም እብጠት መኖሩን ይዳስሳል። ፈሳሹ 14 ቀን ካልሞላው ድንገተኛ ነው። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ነው። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሕክምናውም አንድ አይደለም፤ ድንገተኛው አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል፣ ሥር የሰደደው ደግሞ ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ እያደረቁ ጠብታ መጨመር ይፈልጋል። ሁለቱን የሚለየው የቀኑ ቁጥር ነው።

ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ግራ ጆሮው መምገል የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነበር፤ ፋሲካ አልፎም አልደረቀም። በሄድን ቁጥር የሚያየን ባለሙያ ይለያያል፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር ከጥምቀት ጀምሮ ነው እላለሁ። የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ «ድንገተኛ የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን» ነው። ሽሮፕ ይታዘዝልናል፤ መግሉ ጥቂት ቀን ቀነስ ብሎ ይመለሳል። የካርዱን ቅጂ በኋላ ሳገኝ የቀኑ ቁጥር የሚሞላበት መስመር በሁሉም ገጽ ላይ ባዶ ነበር። የትኛው ጆሮ እንደሆነ የተመለከተው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም «ቀኝ» ይላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነን፤ መዋጮአችንን አጓድለን አናውቅም። ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብንሄድ መድኑ ሙሉ ወጪውን እንደማይሸፍንልን ያውቃሉ። ሪፈር ስጠይቅ ድንገተኛ የጆሮ ኢንፌክሽን እዚሁ ይታከማል ተባልኩ። በወረቀቱ መሠረት ልክ ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ልጄ ሁልጊዜ አዲስ ታማሚ ነበር። በመጨረሻ ከጆሮው ጀርባ አብጦ፣ ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ተበድሬ ወደ ከተማ ይዤው ሄድኩ። ከአንገት በላይ ሐኪሙ ታምቡሩ መበሳቱን፣ ኢንፌክሽኑም ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ውስጥ መግባቱን ነገሩኝ። ወደ አንጎል ቢዘልቅ ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደነበርም አልደበቁኝም። በቀዶ ሕክምና ተርፏል። የግራ ጆሮው መስማት ግን ቀንሷል፤ ከኋላው ስጠራው ዞሮ የሚፈልገኝ እኔ በሌለሁበት በኩል ነው።

ይህ የአንድ ጤና ጣቢያ ስህተት ነው ብለው እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ድንገተኛው መግል ያለው የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ኮዱ ኤች 66.0 ነው፤ ሥር የሰደደው ከኤች 66.1 እስከ 66.3 ያለውን ይይዛል፤ ዓይነቱ ያልተገለጸው 66.9 ላይ ይወድቃል፤ የታምቡር መበሳት ደግሞ ለብቻው ኤች 72 አለው። የጤና መረጃ ባለሙያው ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን ከየት አምጥቶ ኮድ ይሰጠዋል? ካርዱ ላይ የተሳሳተው በመዝገቡ፣ ከመዝገቡም በወርኃዊው ሪፖርት ይደገማል። ልጄ እዚያ ሪፖርት ውስጥ ታክመው የሄዱ ብዙ ድንገተኛ ሕመምተኞች ሆኖ ተቆጥሯል። ለወራት ጆሮው ሲመግል የኖረ አንድ ሕፃን ግን የትም አልተመዘገበም። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዋና ዋና በሽታዎች ሠንጠረዥ የሚሠራው ከዚሁ ነው። የመድኃኒት ጥያቄም ከዚሁ ይነሳል። የጆሮ ጠብታ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ጠይቄ ያጣሁት፣ ጠብታ የሚያስፈልገው በሽታ በወረዳችን እንደሌለ ሆኖ ሲጻፍ ስለኖረ አይደለምን?

የወረፋውን ብዛትና የባለሙያዎቹን ድካም በዓይኔ አይቻለሁ፤ እነሱ ላይ ብቻ ጣቴን አልቀስርም። የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ የለንም ብለውኛል። ከሌለ ታምቡሩ አልታየም ተብሎ ይጻፍ፤ ያልታየን ነገር እንደታየ መጻፍ ግን ምን ይሉታል? ቀን ለመጠየቅ ደግሞ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። መመሪያው የ14 ቀኑን መለያ ያስቀመጠው መሣሪያ በሌለበትም እንዲሠራ ነው። እናት ፊት ለፊት ቆማ ቀኑን እየተናገረች ባለሙያው መስመሩን ባዶ ሲተወው፣ ያንን ካርድ ለማጣራት የሚመጣው የቢሮዎ ተቆጣጣሪ ምን እያየ ነው የሚፈርመው?

የቀኑ ቁጥርና የጆሮው ጎን ያልተሞላበት ካርድ እንደ ተሟላ እንዳይቆጠር ያዝዙ። ሪፈር የሚከለከለው ሕፃን የቀደሙት ገጾች ሳይገለጡ እንዳይከለከል ያድርጉ። የወረዳው ደብዳቤ እንዲሻርና የልጄ ካርድ እንዲታረም እጠይቃለሁ፦ «ቀኝ» የሚለው ግራ፣ «ድንገተኛ» የሚለው ሥር የሰደደ ተብሎ፣ ያረመው ሰው ስምና ቀኑ ተጽፎበት። ልጄ ገና ለረጅም ጊዜ ክትትል ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም በዚያ ካርድ ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን አልፈቅድም። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።