መኪናው የቆመው አረንጓዴ አጥሮት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሰሞን ስለ አዲስ አበባ የትራፊክ መብራቶች ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢው አይቶታልና መልሰን አንተርከውም። እኛን ያንገበገበን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አረንጓዴው ከ30 ሰከንድ ወደ 60 ቢያድግ መጨናነቁ በግማሽ ይቀንሳል የተባለው። ማን አለ? «ባለሙያዎች» ብላችሁ አልፋችሁታል። የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን ቁልፍ ይዘን የምንዞረው፣ ከፍተን ሰከንዱን የምንሞላው እኛ ነን፤ ከእኛ አንድም ሰው አልተጠየቀም። ጨርሶ ተረሳን ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል። መሰላል ላይ የቆመ ባልደረባችን ፎቶ ወጥቷል፣ ሥሩም «ሠራተኛው አምፖል ሲቀይር» ይላል። ያ መብራት ኤልኢዲ ነው፤ የሚቀየር አምፖል የለውም። ልጁ በእጁ የያዘው ጨርቅ ነው፣ አቧራ እየጠረገ ነው። አምፖሉን ያየ ዓይን ሰከንዱንም እንደዚያው ቢቆጥር ምን ይገርማል!

ወደ ሒሳቡ እንግባ። አራት ተራ ያለው መስቀለኛ መንገድ እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ተራ 30 ሰከንድ አረንጓዴ፣ 3 ሰከንድ ቢጫ፣ ከዚያ መሐሉ እስኪጸዳ ሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚሆንበት 2 ሰከንድ። ድምሩ 35 ነው፤ አራቱም ሲደርሳቸው አንድ ዙር 140 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ረድፍ ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰዓት 1,800 ያህል መኪና ያሳልፋል፣ በየ2 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ከ140ው ግን የሚደርሰው 30ው ብቻ ስለሆነ በሰዓት 386 መኪና ያልፋል። አሁን እንደ ዘገባው አረንጓዴውን 60 እናድርገው። ዙሩ 260 ሰከንድ ይሆናል፤ በዚያው ረድፍ የሚያልፈው 415። ትርፉ 29 መኪና፣ 7 ከመቶ ተኩል ነው። ዘገባው «ግማሽ» ያለው እንግዲህ ይህችን ነው።

ለአንዱ የተጨመረ አረንጓዴ ለሦስቱ ቀይ ነው። አንዱ ተራ አረንጓዴ የማያገኝበት ጊዜ ከ110 ሰከንድ ወደ 200 ያድጋል፣ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ዜብራው ጫፍ ላይ ይህን ያህል ቆሞ የሚጠብቅ እግረኛ ካያችሁ ፎቶውን ላኩልን። እግረኛ ሰለቸውና መኪና መሐል ለመሐል ይገባል፤ ከዚያ «ሥርዓት የለሽ» ተብሎ ሌላ ዘገባ ይሠራበታል። በዚህኛው ዘገባ ውስጥ እኮ «እግረኛ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም! 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ12 ሰከንድ ይሻገራል፤ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን 17 ሰከንድ ተኩል ይፈልጋሉ። ይህ ሰከንድ የሚገኘው ከዚያው ዙር ውስጥ ነው፤ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

7 ከመቶ ተኩሏም ብትሆን በወረቀት ላይ ናት። ለግራ ታጣፊዎች የተተወው ቦታ 30 ሜትር ከሆነ፣ ለአንድ መኪና 6 ሜትር ስንይዝ አምስት ብቻ ይችላል። ቀዩ ሲረዝም ስድስተኛውና ሰባተኛው ይመጣሉ፤ ጅራታቸው ቀጥታ የሚሄደውን ረድፍ ይዘጋል። የሚቀጥለው መብራት በ200 ሜትር ላይ ካለ ደግሞ መሐሉ በአንድ ረድፍ የሚችለው 33 መኪና ነው። የ60 ሰከንድ አረንጓዴ በአንድ ጊዜ 30 ይልክበታል። ከበፊቱ ዙር አራት መኪና ከቀሩ ሞላ፤ ሾፌሩ አረንጓዴ በርቶለት መስቀለኛው መሐል ይቆማል፣ ከጎን የሚመጣው ተራው ደርሶ መንገድ ያጣል፣ ጥሩምባ ይጀመራል። ይህን አረንጓዴ በመጨመር የፈታ ሰው አላየንም።

ታክሲውም አለ። መብራቱን እንደተሻገረ 20 ሜትር ሳይሄድ «ወራጅ አለ!» ይባልና ሚኒባሱ ቀጥ ይላል። ሁለት ረድፍ የነበረው መውጫ አንድ ይሆናል፤ የፈለጋችሁትን ያህል አረንጓዴ ብታበሩ ከኋላ ያለው የሚያልፈው በአንዱ ነው። ማቆሚያውን 50 ሜትር ወደፊት መግፋት፣ ቀለም ቀብቶ ምልክት መትከል ለሣጥኑ አንድ ሰከንድ ሳይጨመር ብዙ ያተርፋል።

እርግጥ ዙር ማሳጠር ብቻም መፍትሔ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዌብስተር የተባለ የትራፊክ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አሁንም ይሠራል፦ በዙሩ የሚባክነው ሰከንድ በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 5 ይደመርበታል፤ የአራቱ ተራ ጭነት ተደምሮ ከ1 ይቀነስና በቀረው ይካፈላል። ጭነት ማለት በየተራው በብዙ የተጨናነቀው ረድፍ ላይ በሰዓት የሚመጣው መኪና ለ1,800 ሲካፈል ነው። በተራ 5 ሰከንድ ቢባክን በዙር 20 ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጭነቱ 0.75 ከሆነ ዙሩ 140 ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ 0.6 ቢሆን 88 ይበቃል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት 0.4 ቢሆን 58። ስለዚህ 140ው ለጠዋት ልክ ነው። በሽታው ያው 140 ቀኑን ሙሉ ሲዞር ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ ቀይ ይዞ የሚያስቆም እሱ ነው። ቢያንስ ለጠዋት፣ ለቀን፣ ለማታና ለሌሊት የተለያየ ዕቅድ መሞላት አለበት።

ዕቅዱ ደግሞ በሰዓት ነው የሚነሳው። የሣጥኑ ሰዓት መጠባበቂያ ባትሪ ከሞተ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ይዛባል፤ የጠዋቱ ዕቅድ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ሌላም አለ፦ ሰዓቱ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የጠዋቱን 2 ሰዓት 8፡00 ብሎ መሙላት ሲገባው 2፡00 ብሎ የሞላ ሰው፣ የጥድፊያውን ዕቅድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለውሾች ያሠራል።

አስፋልት ውስጥ የመኪና መቁጠሪያ ሽቦ ባለበት ቦታ ደግሞ ለውሃ ቱቦ ወይም ለኬብል ሲቆፈር ሽቦው ይበጠሳል። ሣጥኑ ያኔ «እዚያ ሁልጊዜ መኪና አለ» ብሎ እንዲይዝ ነው የሚሠራው፤ አለዚያ ያ አቅጣጫ ጨርሶ ተራ አያገኝም። ስለዚህ ለባዶ መንገድ አረንጓዴውን እስከ መጨረሻው ሰከንድ ድረስ ይለቅለታል። መጠገኛው፦ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት መቁረጥ፣ ጥጉን አቋርጦ ማለዘብ፣ ሦስት ዙር ሽቦ፣ ወደ ሣጥኑ የሚሄደውን ገመድ መጠምዘዝ፣ ከመድፈን በፊት የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በ500 ቮልት ለክቶ መከላከያው ከ100 ሜጋኦም በላይ መሆኑን ማረጋገጥ። ሳይለካ የተደፈነ ሽቦ ክረምቱ ሲገባ ውሃ ያስገባና እንደገና ያስቆፍራል።

ማስተካከያ ከማውጣታችሁ በፊት ሪፖርተራችሁን ስልኩን ይዞ ከመብራቱ ሥር አቁሙት። አንድ ረድፍ ይምረጥ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት መኪኖች ይተዋቸው፣ ሲነሱ ቀርፋፋ ናቸው። ከዚያ በኋላ በሁለት መኪና መሐል ከ4 ሰከንድ በላይ ክፍተት ከታየ አረንጓዴው በዝቷል። አረንጓዴ በርቶ ከቆሙ ችግሩ ወደፊት ነው። በየ2 ሰከንዱ እያለፉ አረንጓዴው አልቆ ሰልፍ ከቀረ ብቻ፣ አዎ፣ አጥሯል ይበል።

ማስተካከያው ሲወጣም ቁጥሩ 7 ከመቶ ተኩል፣ ፎቶው «ሠራተኛው አቧራ ሲጠርግ» ይባልልን።

ከትራፊክ መብራት ጥገና ሠራተኞች፣ አዲስ አበባ