ኢንቨስተር ቪዛ ሁሉ ወደ ዜግነት አያደርስም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

«በአሜሪካ ኢንቨስት አድርገው ዜግነት ያግኙ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየጋዜጣውና በየቴሌግራም ቻናሉ እየበዙ መጥተዋል። ሥራችን የነጋዴዎችን የኢሚግሬሽንና የታክስ ፋይል ማዘጋጀት ስለሆነ የማስታወቂያዎቹ መዘዝ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ጋዜጣችሁ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲቀበል የቪዛው ዓይነት በስሙ እንዲጻፍ ቢያስገድድ ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራ ይድናል። ምክንያታችንን እናስረዳ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ብዙውን ጊዜ በዚህ ስም የሚሸጠው ኢ-2 ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1951 በተፈራረሙትና በ1953 በጸናው ውል መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜጋ አሜሪካ ውስጥ ንግድ ከፍቶ እያስተዳደረ መኖር ይችላል። ሕጉ ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን አልወሰነም፤ የሚታየው ካፒታሉ ለንግዱ ዓይነት በቂ መሆኑ ነው። ከድርጅቱ ቢያንስ ግማሹ በኢትዮጵያውያን ዜጎች እጅ መሆን አለበት። ለሚነግድ ሰው ጥሩ ቪዛ ነው። ነገር ግን በኢ-2 ዐሥራ አምስት ዓመት የሠራ፣ ታክሱንም ሳያጓድል የከፈለ ሰው ለዜግነት የሚቆጠርለት አንድ ቀን እንኳ የለም። ልጆቹም 21 ዓመት ሲሞላቸው ከወላጅ ቪዛ ይወጡና የራሳቸውን መፈለግ ይኖርባቸዋል።

ወደ ዜግነት የሚወስደው ኢቢ-5 የሚባለው፣ ለባለሀብት ግሪን ካርድ የሚያሰጠው መንገድ ነው። በማርች 2022 በወጣው የማሻሻያ ሕግ መሠረት ገጠር ወይም ሥራ አጥነት በበዛበት አካባቢ 800,000 ዶላር፣ ከዚያ ውጭ በመደበኛው 1,050,000 ዶላር ይጠይቃል። መጠኑ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። ገንዘቡ ለ10 ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የሚሠሩበት ቋሚ ሥራ መፍጠር አለበት፤ ባለሀብቱ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ከዐሥሩ አይቆጠሩም። በሪጅናል ሴንተር (የብዙ ባለሀብቶችን ገንዘብ ሰብስቦ በፕሮጀክት ላይ በሚያውል ድርጅት) በኩል ለሚገቡ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ድረስ ያመለከተ ሰው ፕሮግራሙ ባይታደስ እንኳ ፋይሉ እንደሚታይለት ሕጉ ዋስትና ሰጥቷል።

በኢ-2 የከፈቱትን ምግብ ቤት ወይም ነዳጅ ማደያ አሳድጎ ወደ ኢቢ-5 ማዞር ይቻላል፤ ሰው የሚሳሳተው ግን ሒሳቡ ላይ ነው። ድርጅቱ አትርፎ ካዝናው ውስጥ ያስቀረው ገንዘብ የባለቤቱ ኢንቨስትመንት ተብሎ አይቆጠርም። ትርፉ መጀመሪያ ለባለቤቱ ተከፋፍሎ፣ ታክስ ተከፍሎበት፣ ከዚያ እንደ አዲስ ካፒታል መግባት አለበት። የድርጅቱን የራሱን ንብረት አስይዞ የተገኘ የባንክ ብድርም አይያዝም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ንግድ ትልቅ ከተማ ክልል ውስጥ ስለሆነ እንደ ገጠር አይታይም፤ በ800,000 ዶላር ለመግባት የአካባቢው የሥራ አጥነት መጠን የአገሪቱን አማካይ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ (150 በመቶ) መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ፋይል የሚያበላሸው የገንዘቡ ምንጭ ነው። የሰባት ዓመት የታክስ ሰነድ ይጠየቃል፤ ብሩ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ዶላር ሆኖ አሜሪካ ባንክ እስኪገባ ያለፈበት መንገድ በሙሉ በወረቀት መታየት አለበት። አዲስ አበባ ቤት ሸጦ የመጣ ሰው ካርታውን፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀውን የሽያጭ ውል፣ የታክስ ደረሰኙንና የባንክ ስቴትመንቱን ያቀርባል። ታክስ ለመቀነስ ሲባል ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ በእውነት ከተከፈለው ካነሰ፣ ልዩነቱ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። በኋላ በቃለ መሐላ ማስተካከል አይቻልም፣ መሐላው ራሱ ውሉን ሐሰት ያደርገዋልና። ቀጥሎ ያለው ጣጣ ምንዛሬው ነው። ከኢትዮጵያ ካፒታል ለማውጣት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል። «እዚህ ብር ስጠኝ፣ እዚያ ዶላር እሰጥሃለሁ» በሚለው መንገድ ከተሄደ ደግሞ ዶላሩን የሰጠው ሰው የራሱን ገቢ ምንጭ ጭምር ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። አብዛኛው ዶላር ሰጪ ይህን አያደርግም፤ ፋይሉም እዚያው ላይ ይወድቃል።

ማመልከቻው ሲያልፍ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኢ-2 ያለ ሰው የቪዛ ወረፋ ከሌለበት የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ከኢቢ-5 ፎርሙ ጋር አብሮ ማስገባት ይችላል። ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ባለው ጊዜ ውስጥ ጊዜያዊውን ካርድ ቋሚ ለማድረግ አይ-829 የሚባለው ፎርም መግባት አለበት፤ ካልገባ ነዋሪነቱ ይቋረጣል። ውሳኔው ብዙ ስለሚዘገይ ደረሰኙ ካርዱን ለ48 ወር ያራዝማል።

የዜግነቱ አምስት ዓመት የሚቆጠረው ጊዜያዊው ግሪን ካርድ ከጸደቀበት ቀን ነው፤ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አይደለም። የዜግነት ማመልከቻውን ፎርም፣ ኤን-400ን፣ አምስተኛው ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል፤ አይ-829 ገና ካልተወሰነ ግን ዜግነቱ ከእሱ ቀድሞ አይሰጥም። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር፣ ማለትም 913 ቀን፣ በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። የወጡበትና የተመለሱበት ቀን እንደተገኙ ይቆጠራል። አንድ ጉዞ ከስድስት ወር ካለፈ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመታል፤ ቤትዎ፣ ሥራዎና ቤተሰብዎ አሜሪካ እንደነበሩ በማስረጃ አሳይተው ግምቱን ማፍረስ ይጠበቅብዎታል። ዓመት ከሞላው ግን በአብዛኛው ቆጠራው ይሰበራል።

አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ዋና ሥራቸውን ይዘው የሚመላለሱ ነጋዴዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት አለኝ» ይላሉ። ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ውጭ ቢቆዩም ግሪን ካርዱን ለመጠበቅ ይረዳል፤ የዜግነቱን ቆጠራ ግን አይጠብቅም። እያንዳንዱን መውጫና መግቢያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከፓስፖርት ማኅተም ለመሰብሰብ መሞከር ስሕተት ያመጣል።

ታክሱም ከዜግነቱ አይለይም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ኢትዮጵያ ያለውን የቤት ኪራይና የድርጅት ትርፍ ጭምር ለአሜሪካ ያስታውቃል። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ የባንክ ሒሳቦች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ የተለየ ሪፖርት አለው። የራሱን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሳያስታውቅ የቀረ በየዓመቱ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ታክስ ለመቀነስ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ መሙላት ደግሞ ነዋሪነትን በራስ እጅ መተው ነው።

የዜግነት ፈተናው ቀላሉ ክፍል ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከቱ ሰዎች ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። የእንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍም አለ።

የአሜሪካ ዜግነት የሚገኝበት መሐላ በኢትዮጵያ በኩል ውጤት አለው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በእጁ የቀረውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት መጠቀም አይችልም። በአዋጅ 270/1994 ዓ.ም. የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትንና ንብረት መያዝን ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይፈቅድም። ከ18 ዓመት በታች ሆነው ግሪን ካርድ ይዘው ከወላጃቸው ጋር የሚኖሩ ልጆች ወላጃቸው ሲምል አብረው ዜጋ ይሆናሉ፤ 18 የሞላቸው ለብቻቸው ያመለክታሉ።

ማንም የማያነሣው ደግሞ የሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ግሪን ካርድ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ድርሻው ለኢ-2 እንደ ኢትዮጵያዊ ድርሻ አይቆጠርም። ሌላ ግማሹን የያዘ ኢትዮጵያዊ ባለድርሻ ከሌለ በዚያው ድርጅት በኢ-2 የመጡት ዋና ምግብ አብሳይና ሥራ አስኪያጅ የቪዛ መሠረታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የባለቤቱ የግሪን ካርድ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ለእነሱ ሌላ መንገድ መዘጋጀት አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢሚግሬሽንና የታክስ ፋይል አዘጋጆች፣ ሜሪላንድ